ሕመምን ለይቶ ማወቅ በምን ይማሩታል?

የሥነ ልቡና ተማሪ መጽሐፍ አንብቦ የሕመሞችን ስምና ምልክት መዘርዘር ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ «ልቤን ከበደኝ፤ እንቅልፍም አጣሁ» ሲለው፣ ይኸ ሐዘን ነው? ድባቴ ነው? ወይስ የሰውነት በሽታ? ብሎ መለየት ሌላ ዕውቀት ነው። ይኸ ዕውቀት የሽምደዳ ሳይሆን የማመዛዘን ነው፤ ስሕተቱም የሚያርፈው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው ሕይወት ላይ ነው።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ከ8 ሕመምተኞች ጋር የተደረገ ምርመራ በቪዲዮ ተቀርጾ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ታይቶ ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዱን ከአሜሪካኖቹ 69 በመቶ የሚሆኑት «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ሲሉ፣ ከእንግሊዞቹ ይኸንኑ ያሉት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰውየውም ያው፣ ፊልሙም ያው ነው፤ የተለያየው ሐኪሞቹ በየሀገራቸው ሲሠለጥኑ ለዚህ ስም የሰጡት ስፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዎቹ በዝርዝር ተጽፈዋል። ዛሬ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ እንደሚለው፣ ከባድ ድባቴ ለማለት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት መታየት አለባቸው፤ ከነዚህም አንዱ የመንፈስ መከፋት ወይም የፍላጎት መጥፋት መሆን ይገባዋል። ሆኖም ዝርዝር ራሱ አያዳምጥም፤ የሚያዳምጠው ሰው ነው።

ቅይጥ ትምህርት የሚባለው ዘዴ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ቅይጥ ትምህርት ማለት ከፊሉን በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ለብቻ፣ ከፊሉን ደግሞ በክፍል ከመምህርና ከጓደኞች ጋር መማር ነው። ሥርዐቱም እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፣ ተማሪው የተቀረጸውን ምርመራ ብቻውን ያያል፤ ያመለጠውንም ቃል መልሶ ያደምጣል። ሁለተኛ፣ ከማንም ጋር ሳይመክር ፍርዱንና ማስረጃውን፣ ፍርዱንም ሊያፈርስ የሚችለውን ነገር ጭምር ይጽፋል። ሦስተኛ፣ በክፍል ውስጥ ጽሑፎቹ ይነጻጸራሉ፤ ሰዓቱም ለገለጻ ሳይሆን ለክርክር ይውላል። አራተኛ፣ ተማሪዎች ጠያቂና ታማሚ ሆነው እየተፈራረቁ ይለማመዳሉ፤ መምህሩም አጠያየቃቸውን ያርማል።

ከአራቱ ሁለተኛው ከተዘለለ ሁሉም ከንቱ ነው። አስቀድሞ ያልጻፈ ተማሪ ክፍል ገብቶ የመምህሩን መልስ ሲሰማ «እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» ይላልና።

ሁለት ነገሮች ግን ልንጠነቀቅባቸው ይገባል። የሕመምተኛ ምሥጢር የትምህርት መሣሪያ የሚሆነው በፈቃዱ ብቻ ነው፤ ፈቃድ ከሌለ ታሪኩን አዘጋጅቶ በተዋናይ ማስጠናት ይሻላል። ደግሞም ቀረጻው በባዕድ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ የሀገራችን ሰው ጭንቀቱን የሚናገርበትን አነጋገር ጆሯችን ሳይለምደው እንመረቃለን።

ከሁሉም በላይ፣ ፊልም አለ ተብሎ የሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እንዳይቀነስ እንጠይቅ። ፊልም ጥያቄ ቢጠይቁት አይመልስም፤ ዝም ቢሉትም አያለቅስም። እኛ የምንማረው ግን ከሚመልሰውና ከሚያለቅሰው ሰው ፊት ለመቀመጥ ነው።