ሰውን ስለ መሸጥ፣ ለአሽዶድ ወገኖቻችን

ነቢዩ አሞጽ ምርኮኞችን ለኤዶም አሳልፈው በሰጡት የፍልስጥኤም ከተሞች ላይ ባወረደው ተግሣጽ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን አዛጦን የሚላት ጥንታዊቷ አሽዶድ በስሟ ተጠርታ ትገኛለች፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ ሕግጋት ቢበዙም፣ ሰውን የመሸጥ ኃጢአት መንገዱን እየለወጠ ኖረ እንጂ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ገደማ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንም የነበሩባቸው ስደተኞች፣ በምሥራቅ ሱዳን እየታገቱና ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጡ ወደ ሲና በረሃ ይወሰዱ ነበር፤ በዚያም በሰንሰለት ታስረው ሲገረፉና የቀለጠ ፕላስቲክ ሲንጠባጠብባቸው የሚያሰሙትን ዋይታ እናት በስልክ እንድትሰማ እየተደረገ፣ እስከ 40,000 ዶላር የሚደርስ ቤዛ ይጠየቅባቸው ነበር። በ1984 በሱዳን በኩል ያለፉትና ዛሬ በአሽዶድ ልጅ የሚድሩት ቤተ እስራኤል፣ የሽፍታን ዘረፋና በስደት መንገድ ልጅ መቅበርን ያውቁታልና፣ ይህ ለእነርሱ የባዕድ ወሬ ሊሆን አይገባውም።

እስራኤል በ2006 ባወጣችው ሕግ ሰውን የነገደ እስከ 16 ዓመት እስራት ይፈረድበታል፤ ለተበደሉትም፣ ለሴቶች መዓጋን፣ ለወንዶች አትላስ የሚባሉ መጠለያዎች አሉ። ነገር ግን ከሲና አምልጠው ድንበሩን ከተሻገሩት ብዙዎቹን አስቀድሞ የተቀበላቸው ወኅኒ ቤት ነበር፤ ድንበር ጥሰው የሚገቡትን የሚመለከተው ሌላው ሕግ ሰርጎ ገብ እንጂ ተበዳይ አድርጎ አላያቸውምና። ይህ በእኔ አስተያየት ታላቅ ግፍ ነው።

የነዚህን ሰዎች ቃል ከሰሙት መካከል ኤርትራ የተወለዱት የኮምቦኒ መነኩሲትና ነርስ እኅት አዚዛ ኪዳኔ ቀዳሚዋ ናቸው። በያፎ፣ ሐኪሞች ለሰብአዊ መብቶች በሚባለው ማኅበር ክሊኒክ፣ ከ1,000 የሚበልጡ ስደተኞችን እያነጋገሩ ቃላቸውን መዝግበው የሲናን ሰቆቃ ለዓለም ገለጡ። በሽተኛው ስለ ወገቡ ሕመም ብቻ ተናግሮ ሊወጣ ሲል፣ በገዛ ቋንቋው ሲጠየቅ ነበር የሰንሰለቱ ነገር የሚወጣው። ደግሞም በ2011 ከአንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር በቴል አቪቭ ኩቺናቴ የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ፤ ሴቶቹም ቡና እያፈሉ፣ ባለ ቀለም ቅርጫት በኪሮሽ እየሠሩና እየሸጡ ይተዳደራሉ።

አሽዶድ ደግሞ አማርኛና ትግርኛ የሚሰሙ ጆሮዎች አሏት። ስለዚህ ቄሶች፣ ሽማግሌዎች፣ በአረጋውያን ቤት የምትሠሩ እኅቶች ሆይ፣ ፓስፖርቱን የተነጠቀ፣ ደመወዙ የተያዘበት፣ ብቻውን እንዳይወጣ የተከለከለ ሰው ብታዩ፣ ይህም የሰው ንግድ ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ አሠሪው በሌለበት ቀርባችሁ በቋንቋው ጠይቁት፤ ሲፈቅድላችሁም በ100 ለፖሊስ ደውላችሁ አስተርጓሚ ሁኑለት።