ከፍ የተደረገ ፒካፕና የኋላ አሞርዛተሩ

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፣ ለመንኰራኵሩ ማለፊያ ገደሉን መናድና ዐለቱን መስበር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዛሬ በዚያው በደቡብ ጎንደር ደጋ ድንችና ገብስ ጭኖ የሚመላለሰው ፒካፕ ግን መንገዱ እስኪጠረግለት የሚጠብቅ አይደለምና፣ ባለቤቱ የመኪናው ሆድ ከድንጋይ እንዳይላተም፣ ክረምት የቦረቦረውንም ጎዳና እንዲሻገር ሲል፣ ወደ ጋራዥ ወስዶ የኋላውን ከፍ ያስደርገዋል። ይህ ሐሳብ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ አሞርዛተሩ በጥንተ ልኩ እንዲቀር መደረጉ ነው።

ሸክም የሚሸከመው ባሌስትራው እንጂ አሞርዛተሩ አለመሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ባሌስትራ ጎማው ጉብታ ሲወጣ ተለጥጦ ኃይልን ያከማቻል፣ ያከማቸውንም ወዲያው ይመልሳል፤ የሚገታው ባይኖር ኖሮ መኪናው አንድ ጊዜ ከተነቃነቀ በኋላ ደጋግሞ ሲወጣና ሲወርድ፣ ጎማውም መሬቱን አንዴ ሲነካ አንዴ ሲለቅ በቈየ ነበር። አሞርዛተር በውስጡ ዘይት የመላበት ቱቦና በዘይቱ መካከል የሚመላለስ ፒስተን ያለው መሣሪያ ሲሆን፣ ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዶች በግድ ስለሚያልፍ፣ በችኮላ የሚገፋ የሐኪም መርፌ እጅን እንደሚቃወም ሁሉ፣ እንቅስቃሴው በፈጠነ መጠን ተቃውሞው እየበረታ ይሄዳል፤ የመናወጡም ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ በቱቦው ገላ በኩል ወደ ነፋስ ይወጣል።

ይህ መሣሪያ ሁለት የተወሰኑ ዳርቻዎች አሉት፤ ይኸውም ፈጽሞ ሲታጠፍና ፈጽሞ ሲዘረጋ የሚኖረው ቁመት ነው። መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ የቀድሞው አሞርዛተር ገና በቆመበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀድሞ ተዘርግቶ ይገኛልና፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ጊዜ የአክስሉን ክብደት እርሱ ተወጥሮ ይይዘዋል፤ ማሰሪያውም ይገነጠላል። ይህን ሸሽቶ ያለ ልክ ረጅሙን መግዛት ደግሞ ከሌላ ጥፋት ይጥላል፤ አክስሉ ወደ ላይ ሲገፋ ከሻንሲው ሥር ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ሳይነካ ፒስተኑ የቱቦውን ወለል ይመታልና።

ስለዚህም ልኩ የሚገኘው ከመኪናው ከራሱ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ በሁለቱ የአሞርዛተር ማሰሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዚህም ላይ አክስሉ ማቆሚያውን እስኪነካ የሚቀረው ክፍተትና ማቆሚያው ራሱ የሚጨመቅበት መጠን ይቀነሳል፤ አዲሱ አሞርዛተር ሲታጠፍ ከዚህ ውጤት ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠር አለበት። ቀጥሎም የቀድሞዎቹ አሞርዛተሮች ተፈትተው፣ ሻንሲው በጽኑ ድጋፍ ላይ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ ሲንጠለጠሉ ርቀቱ ዳግመኛ ይለካል፤ አሞርዛተሩ ሲዘረጋ ከዚህኛው መብለጥ ይገባዋል። በብዙ ፒካፖች አንዱ አሞርዛተር ከአክስሉ ፊት፣ ሌላው ከኋላው የሚታሰር ስለ ሆነ ግራና ቀኙ ለየብቻ ይለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ረቂቅ ነገር አለ። መኪናው የተነሣው ይበልጥ በጎበጠ ባሌስትራ እንደ ሆነ፣ አክስሉ ወደ ላይ ሲገፋ እስከ ቀድሞው ቦታ ድረስ ይወጣልና፣ አሞርዛተሩ ሲዘረጋ ሊረዝም፣ ሲታጠፍ ግን እንደ ቀድሞው ሊያጥር ግድ ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ብሎክ ገብቶ፣ ማቆሚያውም የሚያርፈው በባሌስትራው ላይ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ልኮች በብሎኩ ቁመት መጠን ይረዝማሉ። ይህን ሳይለዩ «ለ5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን» ብሎ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። አቋቋሙም ይታሰብበት፤ አሞርዛተር ከቀጥታው 30 ዲግሪ ሲያዘነብል በጎማው ላይ ያለው ኃይል አንድ አራተኛው፣ 45 ዲግሪ ሲሆን እኩሌታው ይጎድላል። ጎሚኒ የሚባሉት የጫፍ ላስቲኮችም ተጠምዝዘው እንዳይቀደዱ፣ ቡሎናቸው በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የሚመጣው የጥንካሬው ነገር ነው። የኋላው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር፣ ያው አሞርዛተር መናወጥን የመግታት አቅሙ በንጽጽር ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳልና፣ ባዶውን ለሚሄድ የተመቸው ድንች ለጫነው አይበቃም። ይሁን እንጂ ሲዘረጋ ከመጠን በላይ የሚቃወመውን መምረጥም አይበጅም፤ በጠጠር መንገድ ላይ ሞገድ መሰል ሽንትሮች በየሦስት ሩብ ሜትሩ ቢደረደሩ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይመታልና፣ ወደ ታች ለመመለስ ጊዜ ያጣ ጎማ መሬቱን ይለቃል፣ መኪናውም በጎን ይንሸራተታል።

ለዚህ ሁሉ ምት ዋጋው ሙቀት ነው። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደብረ ታቦር አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ በጉና ተራራ ወገብ ደግሞ ይብሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀትን በዝግታ ስለሚወስድ፣ የጋለው ዘይት ይቀጥናል፣ አረፋም ይሠራል፣ አሞርዛተሩም ይደክማል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን ያስገኘው፣ ዘይቱ በታመቀ ናይትሮጅን ተጭኖ የሚኖርበት ባለ አንድ ቱቦ አሞርዛተር አረፋውን በእጅጉ ይከለክላል፤ ቱቦውም በቀጥታ ነፋስ ስለሚያገኘው ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ አቅም ለፈቀደለት የደጋ ባለመኪና የሚመረጠው ይህ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ እርሱም ከሁሉ የሚከብድ ነው። በብዙ ፒካፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ኃይል ማከፋፈያ አለ፤ አክስሉ ከሻንሲው በራቀ ጊዜ «ጭነት የለም» ብሎ የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል፣ ከፍ በተደረገ መኪና ላይም ሳይስተካከል ከቀረ ጭነት እያለ እንደሌለ ይቈጥራል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ነውና፣ የኋላውን ከፍ ያስደረገ ባለመኪና ሁሉ ጭኖ ከመውረዱ በፊት ይህን ማከፋፈያና የኋላውን የፍሬን ቱቦ ርዝመት በመካኒክ ማስፈተሽ ይገባዋል።