በፈረስ እርምጃ ወደ ባዝ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከዲቫይዝስ ከተማ ተነስቶ ባዝ ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። በኬኔትና ኤቨን ቦይ ላይ በጀልባ ለሚሄድ ሰው ግን ሦስት ቀን ይዞ መነሳት ይሻለዋል። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳር በታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሲታለፍ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። በቦዩ ዳር ውሻቸውን የሚያናፍሱ አዛውንት ቀድመዋችሁ ይሄዳሉ።

ይህ ዝግታ የፈረስን ዘመን ያስታውሳል። ቦዩ በመሐንዲሱ በጆን ሬኒ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1810 ሲጠናቀቅ፣ ድንጋይ ከሰልና እህል የጫኑትን ጀልባዎች የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። በጭቃ መንገድ ሁለት ቶን መጎተት የሚከብደው ፈረስ በውሃ ላይ 30 ቶን ይስባል። ሲመሽ ግን ፈረሱም ጋጣ፣ ባለጀልባውም እራት ይፈልጋል። ዛሬ ተጓዡ ጎራ ከሚልባቸው መጠጥ ቤቶች፣ ማለትም ፐቦች፣ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የበቀሉ ናቸው። ከዲቫይዝስ በስተምሥራቅ በሃኒስትሪት የሚገኘው «ባርጅ ኢን» በዘመኑ ቢራ ጠማቂም፣ ዳቦ ጋጋሪም፣ ከብት አራጅም ሆኖ የጀልባ ሰዎችን መግቧል።

ጀልባውን ለመከራየት በእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አከራዩ መሪውን አስይዞ ያለማምዳችኋል። የመሪው ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ እጅ እስኪለምደው ጥቂት ያስቸግራል።

ትልቁ ሥራ ያለው ኬን ሂል በሚባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ቦዩ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ 72 ሜትር ስለሚወርድ 29 ሎኮች ተሠርተውለታል፤ 16ቱ በቁልቁለቱ ላይ እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። ሎክ ማለት በሁለት በኩል በር ያለው የውሃ ክፍል ነው። ጀልባው ውሃ ወደሞላው ክፍል ይገባል፣ የላይኛው በር ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ አንድ ሰው ጠማማውን የብረት እጀታ አስገብቶ የታችኛውን በር ውሃ ማስወጫ እያዞረ ይከፍታል። ውሃው እየተንፎለፎለ ይወጣል፣ ጀልባው ከነሰዎቹ በእርጥብ የድንጋይ ግድግዳ መካከል ቀስ እያለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ዓይን ከግድግዳው ነጭ መስመር መነሳት የለበትም። ከላይኛው በር ሥር የተደበቀ ደፍ አለ፤ የጀልባው ኋላ እሱ ላይ ከቀረ ፊቱ ይሰጥምና አደጋው ከባድ ነው። ውሃው ሲስተካከል ረጅሙን ግንድ በጀርባ ደገፍ አድርጎ በሩን መግፋት ነው። 29ኙን ለመጨረስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ከእንዲህ ያለው ሥራ በኋላ የሚበላ ምሳ ጣዕሙ ሌላ ነው። በአቮንክሊፍ ቦዩ በድንጋይ ድልድይ ላይ ወንዝ ይሻገራል፤ ከድልድዩ ሥር «ክሮስ ገንስ» የሚባል ፐብ አለ። ባዝ ሊደረስ ሲል በባትሃምፕተን «ጆርጅ» የተባለው ፐብ ከውሃው ዳር ይጠብቃል። በእንግሊዝ ፐብ አስተናጋጅ መጥቶ እስኪያዝ አይጠበቅም፤ ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ዘንድ ሄዶ፣ የጠረጴዛ ቁጥር ነግሮ፣ ከፍሎ መመለስ ነው። እሑድ ከሆነ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ከድንች ጋር፣ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት ተቦክቶ በጋለ ስብ የተነፋ ዮርክሻየር ፑዲንግ፣ በላዩም ትኩስ መረቅ። «ኤል» የሚሉት ቢራ ከምድር ቤት በእጅ ፓምፕ ይሳባል፤ እንደ ድራፍታችን አይቀዘቅዝም። በብዙ የገጠር ፐቦች ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ እስከ ማታ ስለሚዘጋ ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። መሪ የሚይዘው ሰው ደግሞ መጠጡን ለማታ ያቆየው።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ባቡር ከመጣ በኋላ ቦዩን ራሱ የባቡር ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1852 ገዛው፤ ጭነቱ እየራቀ፣ ሎኮቹ እየፈረሱ ሄዱ። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ጭቃ ጠርገውና በር ሠርተው አዳኑት፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም እ.ኤ.አ. በ1990 መልሰው ከፈቱት። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ይህን የሠሩ ሰዎች ከሬኒ ያላነሰ ምስጋና ይገባቸዋል።

ባዝ ለእኛም እንግዳ ከተማ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት በዚህች ከተማ በፌርፊልድ ሃውስ ነው፤ ቤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 ለአዛውንቶች መገልገያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። ጀልባችሁን አስራችሁ ሳትመለሱ፣ የሚከፈትበትን ቀን ጠይቃችሁ ጎብኙት።