ስክሪኑ በሐኪሙና በታካሚው መካከል
የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች የገንዘብ ማበረታቻ ከፈቀደ በኋላ ነው። የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ቀረ፤ የሚጋጩ መድኃኒቶች ሲታዘዙም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በመዝገብና በጽሕፈት ሥራ ያጠፋሉ። ታካሚው ሕመሙን ሲናገር ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይተይባል፤ ታካሚው ለመናገር ሲያመነታ፣ ሆዱን ሲነካ ፊቱ ሲጨማደድ ሳይታይ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የበሽታው ፍንጭ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

አሁን ንግግሩን አዳምጦ ማስታወሻ የሚያረቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየገባ ነው። ሐኪሙን ከመተየብ ያሳርፋል፤ ሆኖም ያልተባለ ነገር ሊጽፍ ስለሚችል ረቂቁ ሳይነበብ መፈረም የለበትም፤ ታካሚውም ንግግሩ እንደሚቀዳ አስቀድሞ ሊነገረውና ሊስማማ ይገባል።