ያም ሃሜላሕ ላይ መንሳፈፍና መስጠም

የያም ሃሜላሕ (ሙት ባሕር) አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1.24 ኪሎ ይመዝናል። የሰው ገላ ግን በሊትር 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዋና የማይችለውንም ሰው ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይገፋዋል።

«እንግዲያው እዚያ ማንም አይሰምጥም» የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም፤ አደጋው የሚመጣው ከመንሳፈፉ ነው። በደረታችሁ ከተገለበጣችሁ ውሃው እግራችሁን ሽቅብ ይይዘዋል፣ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ይቀራል። እግር መሬት ልርገጥ ቢል እሺ አይልም፤ ጎበዝ ዋናተኛም ይቸገራል። ውሃው ደግሞ የወጥ ጨው ብቻ አይደለም፣ ማግኒዝየም ይበዛዋል። ብዙ ከተዋጠ የልብ ምት ያዛባል፣ ሳንባ ከገባም ይጎዳል። ውሃ የዋጠ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያው ለማጺሉ ንገሩ፣ ሐኪምም ይየው።

ስትገቡ ውሃው ጉልበት ሲያልፍ ወንበር ላይ እንደምትቀመጡ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ጋደም በሉ። ለመነሳት ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሰብስቡና እግራችሁን ወደ ታች ላኩ። አያቶቻችሁን ስትወስዱ ይህን ቀድማችሁ በአማርኛ አስረዷቸው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ላያነቡት ይችላሉ። እንደ ኤን ቦቄቅ ማጺል ያለበትን ዳርቻ ምረጡ። ውሃ መረጫጨት ክልክል ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። በዚያ ቀን ጠዋት ጺም የተላጨ ደግሞ ራሱ ያውቀዋል!