ብርሃን የሥዕልን ቀለም እንዴት ያደበዝዛል?

ሠዓሊው ሬኗር በ1883 እ.ኤ.አ. የሳላት ማዳም ክላፒሶን ከበስተኋላዋ ደብዛዛ ግራጫ ሰማያዊ ይታያል። ሥዕሉ ያለበት የቺካጎ ሙዚየም ክፈፉን ሲያነሳ ግን የተሸፈነው ጠርዝ ደማቅ ቀይ ሆኖ ተገኘ! የለቀቀው ከኮቺኒል ነፍሳት የተሠራ ቀይ ነው።

የቀለም ሞለኪውል ብርሃን ሲውጥ ጉልበት ያገኛል፤ በኦክስጅን እየታገዘም ትስስሩ ይፈርሳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። አልትራቫዮሌት ጨረር ይብሳል፤ እሱን ማጣራት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ዓይን የሚያየው ብርሃንም ያደበዝዛል። ከአፈር የሚገኙ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ብርሃንን በደንብ ይቋቋማሉ።

ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል፦ በ100 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) 5 ሰዓት፣ በ50 ሉክስ 10 ሰዓት እንደመቆየት ነው። ስለዚህ ሙዚየሞች የውሃ ቀለም ሥዕሎችን በ50 ሉክስ ገደማ ያሳያሉ፤ በየጊዜውም ወደ ጨለማ ማከማቻ ይመልሷቸዋል። ማረፉ አዲስ ጉዳት ያስቀራል እንጂ የለቀቀውን አይመልስም።