«ወደ ቤት ውሰዷቸው» ከተባለ በኋላ



በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እህት በየሁለት ቀኑ እየመጣች ፓራሲታሞል ትገዛ ነበር። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ለእናቴ ነው። ሆስፒታሉ ‹ከእንግዲህ የምናደርግላቸው ነገር የለም፣ ወደ ቤት ውሰዷቸው› ብሎናል» አለችኝ። እናቷ የጡት ካንሰር ነበረባቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ እንደሚያነጉም ነገረችኝ። እኔም ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠኋትና «አላህ ያሽራቸው» ብዬ ሸኘኋት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምጣቷን አቆመች። ነገሩን የሰማሁት ጀናዛው ካለፈ በኋላ ነው።

ለዚያ ዓይነት ሕመም ፓራሲታሞል ብቻውን እንደማይበቃ አውቅ ነበር። ታዲያ «ወደ ሐኪም ተመለሱ፤ ከዚህ የበረታ ማስታገሻ ጠይቁላቸው» ማለት እንዴት አቃተኝ? የዛሬው ጽሑፌ የዚያ ዝምታዬ ዕዳ ነው።

የማስታገሻ ሕክምና ምንድን ነው?

በሽታው ባይድንም የበሽተኛውን ስቃይ ማከም ይቻላል። ይህ የማስታገሻ ሕክምና (ፓሊየቲቭ ኬር) ይባላል። ሕይወቱ ወደ ማብቂያው ለተቃረበ ሰው የሚደረገው እንክብካቤ ደግሞ በተለምዶ ሆስፒስ ይባላል። የዘመናዊው ሆስፒስ መሥራች የምትባለው ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ከሐኪምነቷ በፊት ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች። የታማሚ ስቃይ የአካል ብቻ እንዳልሆነ፣ የአእምሮ፣ የኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተምራለች። አባወራ ሲታመም ከቁስሉ ይልቅ የልጆቹ ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል። የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

የማላፑራም ጎረቤቶች

«ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ በደቡብ ሕንድ ወደሚገኘው የኬራላ ግዛት ልውሰዳችሁ። በ1993 እ.ኤ.አ. በኮዚኮድ ከተማ በመንግሥት የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ጥቂት ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኞች የሕመም ማስታገሻ ማኅበር አቋቋሙ። ሥራው ሲሰፋ አንድ ችግር ገጠማቸው። በጠና የታመመ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ክሊኒክ ድረስ መምጣት አይችልም፤ በየቤቱ የሚሄድ ሐኪምም አይበቃም።

ነገሩን ሲመረምሩት ግን አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከሚያስፈልገው ውስጥ ሐኪም የግድ የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ማዳመጥ፣ ለቤቱ አስቤዛ መግዛት፣ ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ጎረቤት ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ከነዋሪው አብዛኛው ሙስሊም በሆነበት በማላፑራም አውራጃ፣ ሥራውን ለጎረቤት ሰጡት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል ሰው ይመዘገባል። 16 ሰዓት ያህል ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም አራት ቀን ከባለሙያ ጋር እየዞረ ይለማመዳል። ሐኪምና ነርስ ከኋላው አሉ። መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ ነው፤ ቁስል የሚያክመው ነርሷ ናት። በጎ ፈቃደኛው ሰፈሩን የሚያውቅ ዓይንና ጆሮ ነው። ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ከነጋዴው፣ ከተማሪውና ከቀን ሠራተኛው በሚሰበሰብ ትንሽ ትንሽ መዋጮ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄዱ የአካባቢው ልጆችም ይረዳሉ። ሙስሊሙ፣ ሂንዱውና ክርስቲያኑ አብረው ይሠራሉ፤ የታማሚው ሃይማኖት አይጠየቅም። የኬራላ መንግሥትም በ2008 እ.ኤ.አ. የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ አውጥቶ የቤት ለቤት እንክብካቤን የአካባቢ አስተዳደሮች ሥራ አደረገው።

ሞርፊን ሲነሳ የምንፈራው

በሙያዬ በብዛት የምጠየቀው ይህንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ ማስታገሻዎችን እንደ መሰላል አስቀምጦ ነበር። መጀመሪያ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉት፣ ቀጥሎ እንደ ኮዴይን ያሉት፣ ከላይ ደግሞ ሞርፊን። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ርካሽ መድኃኒት ነው። ውድ የሚያደርገው ፍርሃት ነው።

«ሱስ ያስይዛል» ይባላል። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነቱ መድኃኒቱን ስለሚለምድ ግን በድንገት አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

«ሞትን ያፈጥናል» ይባላል። በትክክለኛ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ከተስተካከለ አያፈጥንም። አደጋ የሚያመጣው መጠኑን በራስ ፈቃድ መጨመር፣ ከሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ጋር መቀላቀል ወይም ለሌላ ሰው ማካፈል ነው። ታማሚው ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ሳትቆዩ ሐኪም ጥሩ። መድኃኒቱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉ።

«አእምሮን ያጠፋል፣ ሸሃዳ እንኳ ሳይል ይሞታል» የሚለው ፍርሃት ከሁሉ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ ለብዙዎች ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቃል። እንዲያውም ሕመሙ የታገሠለት ሰው ነው ረጋ ብሎ ዚክር የሚያደርገው፣ ከልጆቹ ጋር አውፍ የሚባባለው። በሐኪም የታዘዘን ማስታገሻ ለሕክምና መውሰድን ብዙ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። ጥርጣሬ ያለው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ እንጂ ታማሚውን በጥርጣሬ አያሰቃየው።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው በታዘዘው ሰዓት ነው፤ ሕመሙ እስኪበረታ አይጠበቅም። ሁለተኛ፣ ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ምግብና ንጽሕና

ታማሚ ምግብ እንቢ ሲል ቤተሰብ ይጨነቃል። «ካልበላ ይሞታል» ብለን በግድ እናጎርሳለን። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነት ምግብን መጠቀም ያቅተዋል። ታማሚው የሚደክመው ባለመብላቱ ሳይሆን ስለተዳከመ ነው መብላት የሚተወው። በግድ የጎረሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሲፈልግ፣ የፈለገውን፣ በትንሽ በትንሹ ስጡት፤ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሾርባ ወይም እርጎ ይሆናል። ሲውጥ ቀና ብሎ ይቀመጥ። መዋጥ ሲያቅተው ከንፈሩንና አፉን በንጹሕ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃል። ዘምዘም ካላችሁም በዚያው አርጥቡለት። በረመዷን «እጾማለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ለሚያቆም ታማሚ ሸሪዓው ፈቃድ እንደሰጠው አስታውሱት። የማይድን ሕመም ያለበት ስለሚከፍለው ፊድያ ኢማሙን ጠይቁ።

አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን ቀይሩለት። አንሶላው የተጨማደደና እርጥብ አይሁን። የቀላ ቆዳ አትሹ። ቁስሉ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ብዙ ታማሚዎች በእርሱ አፍረው ዘመድ መቀበል ይተዋሉና ለነርስ ወይም ለሐኪም ንገሩ፤ ሽታውን የሚቀንስ ቁስሉ ላይ የሚደረግ መድኃኒት አለ።

ከቀብር በኋላ

የማላፑራም በጎ ፈቃደኞች ሥራ በቀብር አያበቃም። ወደ ሐዘንተኛው ቤት ተመልሰው ይሄዳሉ፤ የተቸገረውን ቤተሰብ በአስቤዛ፣ ልጆቹን በትምህርት ወጪ ያግዛሉ።

እኛስ? በሦስቱ ቀን ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በአራተኛው ባዶ ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። አስታማሚ ሆና ወራት የደከመች ሴት ነች፤ ድካሙና ጸጸቱ የሚመጣባት ደግሞ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጃዕፈር በተገደለ ጊዜ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ አዘዋል። በእኛ ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛዋ ራሷ ተበድራ ታበላናለች። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልቅሰዋል። ስለዚህ የሚያለቅስን ሰው «ሶብር አድርግ» ብለን አፉን አንዝጋው፤ ስለ ሟቹ እንዲያወራ እንፍቀድለት። ወራት አልፈውም የማይተኛ፣ የማይበላ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ሰው ካለ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከየት እንጀምር?

በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። በየሰፈሩ ደግሞ እድር አለን፤ በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ቤት ለቤት ያስታመሙ እድሮች ነበሩ። እድራችን ድንኳንና መጥበሻ አለው፤ የጎደለው ከሞት በፊት መድረስ ነው።

በእድራችሁ ወይም በመስጂዳችሁ ጀመዓ ይህን አንሡ፦

1. በሰፈሩ አልጋ ላይ የዋለ ማን እንዳለ መዝግቡ፤ ሃይማኖት ሳትለዩ።
2. በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጡ አራት አምስት ሰዎች ምረጡ፤ ለሴት ታማሚ ሴቶች፣ ለወንድ ወንዶች።
3. ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር ተነጋግራችሁ ማገላበጥና ማጠብ ተማሩ። የቤቱን ምሥጢር መጠበቅንም ተማማሉበት።
4. ከመዋጮው ጥቂት ለሳሙና፣ ለአንሶላና ለመድኃኒት ለዩ።
5. ለሐዘንተኛ በአርባኛው ቀንም በስድስተኛው ወርም የሚሄድ ሰው መድቡ።

እኔም ጀምሬያለሁ። አንድ ሰው ለከባድ በሽተኛ ማስታገሻ ሲገዛ «ሌሊት ይተኛሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ «አይተኙም» ከሆነ ክኒን ብቻ ሰጥቼ አልሸኝም። እናንተም ነገ ከምትዘይሩት ታማሚ ቤት ስትደርሱ ይህችን ጥያቄ ጠይቁ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለሄዱብን ይዘንላቸው፤ አስታማሚዎችን ያበርታልን። አሚን!